ባይሳካስ ወዴት ትሄዳለች? በመንታ አስትሮይድ ዙሪያ መንኮራኩር የማብረር ሒሳብ

ዲዲሞስ የተባለውን አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር ትንሽ አለት) በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት የምትዞር መንኮራኩር ፍጥነቷ በሰከንድ 8.5 ሴንቲ ሜትር ነው። በሰዓት ሲሰላ 300 ሜትር ገደማ ይሆናል። ኤሊ ብትቀድማት አይገርምም። አንዱን ዙር ለመጨረስ አራት ቀን ከሰባት ሰዓት ያህል ይፈጅባታል። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ወደ ሕዋ የመጠቀችው የኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ምድርን ትዞር የነበረው በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ነው። የሁለቱ ልዩነት ወደ 90,000 እጥፍ ይጠጋል።

ስለ ጠፈር ጉዞ ሲወራ ሰው የሚደነቀው በፍጥነቱና በርቀቱ ነው። ወደ ትንሽ አስትሮይድ የሚሄድ ተልዕኮ የሚያቅድን ሰው እንቅልፍ የሚነሳው ግን ዝግታው ነው። ምድርን የሚዞር ሳተላይት ሞተሩ በቀጠሮው ሰዓት ባይነሳ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ምሕዋሩ ላይ እየዞረ ይጠብቃል፤ ምድር አጥብቃ ይዛዋለች። ዲዲሞስ ያን ያህል የመያዝ አቅም የለውም። በሰከንድ ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ስሕተት በሳምንት ውስጥ ከኪሎ ሜትር በላይ ትሆናለች፤ መንኮራኩሯን ወይ ከአለቱ ጋር ታላትማታለች፣ ወይ አውጥታ ትጥላታለች። ስለዚህ በዕቅዱ ላይ የተሰመረ እያንዳንዱ መንገድ አንድ ጥያቄ ይቀርብለታል፦ ትእዛዙ ባይደርስ፣ ሞተሩም ባይነሳ፣ ወዴት ትሄዳለች?

ዲዲሞስ በግሪክኛ መንታ ማለት ነው፤ ሐዋርያው ቶማስ የተጠራበት ዲዲሞስም ያው ቃል ነው። አለቱ ይህን ስም ያገኘው ብቻውን ስላልሆነ ነው። ትልቁ 780 ሜትር ገደማ ስፋት አለው፤ በራሱ ዙሪያ በ2 ሰዓት ከ16 ደቂቃ አንዴ ይሽከረከራል። ትንሹ ዲሞርፎስ ወደ 150 ሜትር ይጠጋል፤ ትልቁን የሚዞረው 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። ናሳ ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ሆን ብሎ ከዲሞርፎስ ጋር ያላተማት በ2015 ዓ.ም. በደመራው ዕለት ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ ነበር። የመስቀል አደባባዩ ፍም ገና በደንብ ሳይበርድ ማለት ነው። 580 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝነው ዳርት በሰከንድ 6.1 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትመታው፣ የዲሞርፎስ ዙር ከ11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ በ33 ደቂቃ አጠረ። ተልዕኮው ተሳክቷል ለማለት ያስፈልግ የነበረው 73 ሰከንድ ብቻ ነበር።

የግጭቱን ውጤት ቀርባ እንድታይ የተላከችው የአውሮፓ ሕዋ ኤጀንሲዋ ሄራ ናት። ስለ ጉዞዋ ብዙ አልልም። መስከረም 27 ቀን 2017 ዓ.ም. በፋልከን 9 ሮኬት ከኬፕ ካናቬራል ተነሳች፤ ከአምስት ወር በኋላ በማርስ አጠገብ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ቀርባ አለፈች፤ የማርስን ስበት ተውሳ መንገዷን አስተካከለች። የመድረሻዋ ቀጠሮ እ.ኤ.አ. የ2026 መጨረሻ ነው። የሚገርመው የመነሻዋ ነገር ነው። የማስወንጨፊያው ጊዜ የሦስት ሳምንት ብቻ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ፋልከን 9 በሌላ በረራ ላይ በገጠመው ችግር ታግዶ ነበር። የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን ለሄራ ብቻ ለይቶ የፈቀደው፣ የእሷ ሮኬት የላይኛው ክፍል ወደ ምድር ስለማይመለስ በሰው ላይ የሚያደርሰው አደጋ የለም በሚል ነው። ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስም ወደ ፍሎሪዳ እየገሰገሰ ነበር። ለዓመታት የተለፋበት ዕቅድ አንዳንዴ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ነው የሚሾልከው።

ከባዱ ሥራ የሚጀምረው ከደረሱ በኋላ ነው።

1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ የፀሐይ ኃይል ሰሌዳዋን ጨምሮ 15 ካሬ ሜትር ስፋት ለፀሐይ የምትሰጥ መንኮራኩር እናስብ። ምድር ከፀሐይ ባላት ርቀት ላይ ብርሃኑ ይህችን መንኮራኩር የሚገፋበት ጉልበት 9 ሚሊ ግራም ክብደት ያህላል። አንድ የጤፍ ፍሬ 0.3 ሚሊ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ሠላሳ የጤፍ ፍሬ ማለት ነው። በአንድ ቶን ዕቃ ላይ ሠላሳ ጤፍ ቢጨመር ማን ከቁብ ይቆጥረዋል? አሁን ደግሞ የዲዲሞስን ስበት እንይ። መንታው በጠቅላላ 540 ሚሊዮን ቶን ገደማ ይመዝናል። በ20 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያችኑ መንኮራኩር የሚስብበት ጉልበት እዚያው ሠላሳ ጤፍ ላይ ነው። ብርሃኑና አለቱ እኩል ለእኩል ይሳሳባሉ። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ ስበቱ አራት እጥፍ ሆኖ መቶ ሃያ ጤፍ ይደርሳል፤ ያኔም ቢሆን ብርሃኑ የስበቱን ሩብ ያህል ይገፋል።

እዚህ ላይ ምሕዋር የሚለው ቃል ራሱ መንገዳገድ ይጀምራል። ሒሳቡ ሲሠራ፣ ከ8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር በላይ ያለን ምሕዋር የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ እየለጠጠ ያፈርሰዋል። ከ3 ወይም 4 ኪሎ ሜትር በታች ደግሞ ሁለቱ አለቶች እየተዟዟሩ ስበቱን ያምሱታል፤ መንኮራኩሯ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ትጎተታለች። በመካከል የምትቀረው ጠባብ ቀለበት ናት። እሷም በፈለጉት አቅጣጫ አትገኝም። ብርሃኑ እንዳያፈርሰው ምሕዋሩ ፊቱን ለፀሐይ እንደሰጠ ሰሃን መቆም አለበት፤ መንኮራኩሯ ቀንና ሌሊት በሚገናኙበት መስመር ላይ ትዞራለች ማለት ነው።

ይህን መንገድ የናሳዋ መንኮራኩር ኦሳይረስ-ሬክስ ሞክራው ተሳክቶላታል። ታኅሣሥ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ትረስተሮቿን (ትናንሽ የመግፊያ ሞተሮቿን) ስምንት ሰከንድ ብቻ ተኩሳ፣ 490 ሜትር ገደማ ስፋት ያለውን ቤኑ የተባለ አስትሮይድ ከመካከሉ 1.75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ መዞር ጀመረች። እስከዚያች ቀን ድረስ ሰው ሠራሽ አካል ያን ያህል ትንሽ ነገር ዞሮ አያውቅም ነበር። ቤኑ ግን ብቻውን ነው፤ በስበቱ መሐል ገብቶ የሚያምስ ታናሽ ወንድም የለውም። የጃፓኗ ሀያቡሳ2 በበኩሏ ሪዩጉ የተባለውን አስትሮይድ ጨርሶ አልዞረችውም። 20 ኪሎ ሜትር ላይ ቆማ እየተጠባበቀች፣ ሲያስፈልግ ወረድ ብላ ትመለስ ነበር።

ሄራ ሦስተኛ መንገድ መርጣለች፤ በእኔ አስተያየት ለመንታ አስትሮይድ የሚሻለውም ይኸው ነው። አትዞርም። በአለቶቹ የቀን ወገን በኩል ከማምለጫ ፍጥነት (ከአለቶቹ ስበት ለመውጣት ከሚያስፈልገው ፍጥነት) ትንሽ በለጥ ባለ ፍጥነት ታልፋለች፤ ሦስት ወይም አራት ቀን ከተጓዘች በኋላ ትረስተሯን ተኩሳ ትታጠፋለች፤ እንደገና በሌላ አቅጣጫ ታልፋለች። መንገዷ ሲሳል ክብ ሳይሆን ማዕዘን የበዛበት ቅርጽ ይወጣዋል። መጀመሪያ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ቀጥሎ ከ8 እስከ 20፣ ኋላ ላይ እስከ 4 ኪሎ ሜትር ትቀርባለች። አንዱ መታጠፊያ ቢያመልጣት ጉዞዋን ወደ ውጭ ትቀጥላለች። ምንም አለማድረግ ማለት ከአለቱ መራቅ ይሆናል፤ ለጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ መልስ የለም። ጠፍታ አትጠፋም፤ ነዳጅ ከፍላ ትመለሳለች።

ለካሜራም ይህ ይሻላል። ቀንና ሌሊት በሚገናኙበት መስመር ላይ ያለ ካሜራ የሚያየው ግማሹን ጨለማ ነው። በቀን ወገን ያለ ካሜራ ሙሉውን ፊት ያያል።

መታጠፊያዎቹ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን፣ ሦስት ቀን፣ አራት ቀን እየተባሉ የተደረደሩት የሰማይ ሕግ አስገድዶ አይደለም። ሦስትና አራት ሲደመር ሰባት ነው። ትእዛዝ የሚሰጥበት ቀን በየሳምንቱ በአንድ ዕለት ላይ ይውልና በጀርመን ዳርምሽታት ያሉት የበረራ ተቆጣጣሪዎች እንደ ሰው የሥራ ሰዓት ኖሯቸው ይሠራሉ። ደክሞት ቁጥር የሚያሳስት ሰው ከተበላሸ ሞተር አይተናነስም።

የቀን ወገን ግን የራሱ ጣጣ አለው። መንኮራኩሯ በፀሐይና በአለቱ መካከል ስላለች፣ ብርሃኑ የሚገፋት ወደ አለቱ ነው። ሠላሳ ጤፍ ብለን የናቅነው ግፊት በአራት ቀን ውስጥ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ አለቱ ያስጠጋታል። እያንዳንዱ ዙር ሲታቀድ ይህ ቁጥር አስቀድሞ ይቀነሳል፤ የሰሌዳዎቹ ማዕዘንና የቀለማቸው አንጸባራቂነት ሳይቀር በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። አንድ ሰው ቀመሩ ውስጥ ያለውን ስፋት በአሥር በመቶ ቢያሳስት የ500 ሜትር ስሕተት ይዞ ይነሳል።

አንዷን መታጠፊያ ቀረብ ብለን እንያት።

የሄራ ዋና ካሜራ 5.5 ዲግሪ ያያል፤ ምስሉ በወርድም በቁመትም 1,020 ፒክስል ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ ፒክስል አንድ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። በ10,000 ኪሎ ሜትር ላይ ግን ዲዲሞስ በሙሉ አንድ ፒክስል አይሞላም፤ ያኔ የሚታየው የብርሃን ነጥብ ብቻ ነው። ምስሉ 35 ሜትር ስፋት ወዳላቸው የአርጀንቲና፣ የስፔንና የአውስትራሊያ አንቴናዎች ይላካል። ርቀቱ 300 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በሆነ ጊዜ ምልክቱ ለመድረስ ከ16 ደቂቃ በላይ ይወስድበታል፤ መልሱም እንዲሁ። የሬዲዮ ሞገዱ ድምፀት ሲለዋወጥ መንኮራኩሯ ወደ ምድር የምትቀርብበት ወይም የምትርቅበት ፍጥነት በሰከንድ ከአንድ ሚሊ ሜትር ባነሰ ስሕተት ይታወቃል። ወደ ጎን ያለውን ግን ሬዲዮው በደንብ አያየውም፤ እሱን የሚሞላው ካሜራው ነው።

ካሜራውም ያታልላል። አለቱ ደማቅ፣ ከዋክብቱ ደብዛዛ ናቸው፤ ለአለቱ የተመጠነ ፎቶ ላይ ኮከብ አይታይም፣ ለኮከብ የተመጠነ ፎቶ ላይ አለቱ ነጭ እድፍ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራው ወዴት እንደዞረ የሚታወቀው ከዋክብትን ከሚከታተሉት ሌሎች ካሜራዎች ነው። ደግሞም ፀሐይ የሚያበራው አንዱን ጎን ብቻ ስለሆነ፣ የብርሃኑ መካከልና የአለቱ መካከል አይገጥሙም። 780 ሜትር በሆነ አለት ላይ ይህ ልዩነት ከመቶ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ዲሞርፎስም አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ እያለፈ የብርሃኑን መካከል ወደራሱ ይጎትታል። የጥላውን ማዕዘን ያላረመ ሶፍትዌር አለቱን በሌለበት ቦታ ያስቀምጠዋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የመታጠፊያው ትእዛዝ ይጻፋል፣ በሌላ ሰው ይመረመራል፣ ይላካል። ተኩሱ ራሱ አጭር ነው። 10 ኒውተን የሚገፋ ትረስተር አንድ ቶን የሆነችውን መንኮራኩር በአንድ ሰከንድ ውስጥ በሰከንድ 1 ሴንቲ ሜትር ያፋጥናታል። በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ለመለወጥ 20 ሰከንድ በቂ ነው። ጣጣው ያለው በአጭርነቱ ላይ ነው፤ የቫልቩ መከፈቻና መዝጊያ ቅጽበት፣ የነዳጁ ሙቀት፣ የግፊቱ መዋዠቅ በረጅም ተኩስ ውስጥ ይጠፋሉ፣ በአጭሩ ግን ይጎላሉ። አንድ በመቶ ብቻ ቢያንስ በሰከንድ 2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአራት ቀን በኋላ 700 ሜትር ያህል ይሆናል። ዲዲሞስን የሚያህል ስሕተት!

በተኩስ ያልታሰበ ግፊትም አለ። መንኮራኩሮች አቅጣጫቸውን የሚጠብቁት በውስጣቸው በሞተር በሚሽከረከሩ ጎማዎች ነው። የፀሐይ ብርሃን ቀስ እያለ ስለሚያዞራቸው ጎማዎቹ ያን ለመከላከል እየፈጠኑ ይሄዳሉ፤ ጣሪያቸው ላይ ሲደርሱ በትረስተር እየደገፉ ማርገብ ግድ ነው። ትረስተሮቹ ፍጹም እኩል ስላልሆኑ ሁልጊዜ ትንሽ ግፊት ይተርፋል። በሰከንድ አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ብትተርፍ በሳምንት 600 ሜትር ናት። ምድር ዙሪያ ያለ ሳተላይት ይህን ጉዳዬም አይለው። እዚህ ግን ማርገቢያው የሚቀጠረው ከዋናው ተኩስ አጠገብ ነው፤ ሁለቱ ስሕተቶች በአንድነት ይለካሉ፣ በአንድነትም ይታረማሉ።

ሞተር አለመነሳት ተረት አይደለም። የናሳዋ ኒር እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 1998 ኤሮስ ወደተባለው አስትሮይድ ለመጠጋት ዋና ሞተሯን ስታስነሳ፣ ወደ ጎን የተሰማት ንቅናቄ ኮምፒውተሯ ላይ ከተቀመጠው ገደብ አለፈና ሞተሩ ወዲያው ጠፋ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ ገደቡ ነው የጠበበው። የማቋረጫው መመሪያ ራሱ አንድ ትእዛዝ ጎድሎት ስለነበር መንኮራኩሯ መገለባበጥ ጀመረች፤ 27 ሰዓት ድምፅዋ ጠፋ፤ 29 ኪሎ ግራም ነዳጅ አቃጠለች። ከሦስት ቀን በኋላ ኤሮስን በ3,827 ኪሎ ሜትር ርቀት አልፋው ሄደች። የዳነችው ሁለት ነገር ስለነበራት ነው፦ ትርፍ ነዳጅና አደጋ የሌለበት የማለፊያ መንገድ። ከዓመት በላይ ፀሐይን ዞራ ተመልሳ እ.ኤ.አ. ፌብሯሪ 14 ቀን 2000 ኤሮስን መዞር ጀመረች። በበጀት ስብሰባ ላይ ትርፍ ነዳጅ መጀመሪያ እንዲቀነስ የሚጠየቅ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለው ታሪክ እዚያ ቢነገር ደስ ይለኛል።

የአውሮፓዋ መንኮራኩር ሮዜታ ደግሞ በ2015 እ.ኤ.አ. ማርች መጨረሻ ወደምታጠናት ኮሜት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ስትቀርብ፣ ኮከብ ተከታታይ ካሜራዎቿ በፀሐይ የሚያበራውን አቧራ ኮከብ ነው ብለው ያዙት። አቅጣጫዋ ተምታቶባት ራሷን ወደ ሴፍ ሞድ (ሥራ አቁማ ትእዛዝ ወደምትጠብቅበት ሁኔታ) አስገባች። ዲዲሞስ ኮሜት አይደለም፤ ሆኖም ቤኑ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 ጠጠር ሲረጭ ስለታየ፣ አለት ነውና ዝም ብሎ ይቀመጣል ማለት አይቻልም።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች በአንዱ ላይ ይፈተናል፤ ዲሞርፎስን መመዘን ላይ። ዳርት ይዛው የመጣችው ግፊት ብቻውን የዲሞርፎስን ፍጥነት በሰከንድ 0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚለውጠው። የተለካው ለውጥ ግን 2.7 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ የመጣው ከግጭቱ ወደ ኋላ ከተረጨው ፍርስራሽ ነው። ነገር ግን 0.8 የሚለው ቁጥር የዲሞርፎስ ክብደት 4.3 ሚሊዮን ቶን ነው ከሚል ግምት የተነሳ ነው። ክብደቱ ከተሳሳተ ስለ ፍርስራሹ የምንለውም አብሮ ይሳሳታል።

አለትን በምን ይመዝኑታል? ትንሹ ትልቁን ሲዞር፣ ትልቁም በጋራ ማዕከላቸው ዙሪያ ትንሽ ይወዛወዛል። ዲሞርፎስ ከጠቅላላው ክብደት አንድ በመቶ እንኳ ስለማይሞላ የዲዲሞስ ውዝዋዜ ወደ 10 ሜትር ግድም ነው። በ10 ኪሎ ሜትር ላይ አሥር ፒክስል ማለት ነው። ለቀናት የተነሱ ፎቶዎች ላይ ያው ድንጋይ፣ ያው ጉድጓድ እየተፈለገ ይለካል፤ ውዝዋዜው ሲታወቅ የዲሞርፎስ ክብደት ይታወቃል። የመንኮራኩሯ ቦታ ራሱ በደንብ ካልታወቀ ግን ያ አሥር ፒክስል በስሕተቱ ውስጥ ይሟሟል።

ከዚህ ይበልጥ መቅረብ ለእናትየው አደገኛ ስለሆነ ሄራ ሁለት ልጆች ይዛለች፤ የጫማ ሳጥን ያህል የሆኑ ሚላኒና ዩቬንታስ የተባሉ ትናንሽ ሳተላይቶች (ኪዩብሳቶች)። ምድር ዙሪያ ኪዩብሳት የሚለቀቀው በስፕሪንግ ተገፍቶ በሰከንድ አንድ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ነው። እዚህ እንዲያ ከተገፋ አይመለስም፤ በ5 ኪሎ ሜትር ላይ የማምለጫው ፍጥነት በሰከንድ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የሄራ ማስወጫ መጀመሪያ ልጁን ሳይለቅ ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ መሥራቱ ከተረጋገጠ በኋላ በሰከንድ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ይለቀዋል። ጃፓኖች የዚህን ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2005 ከፍለዋል፦ የመጀመሪያዋ ሀያቡሳ ሚኔርቫ የተባለችውን ትንሽ ሮቦት የለቀቀቻት ራሷ ወደ ላይ እየወጣች በነበረበት ቅጽበት ስለነበር፣ ሮቦቷ ኢቶካዋ በተባለው አስትሮይድ ላይ ሳታርፍ ሕዋ ውስጥ ጠፋች።

ዩቬንታስ በ60 ሜጋኸርዝ ራዳሯ የዲሞርፎስን ሆድ ዕቃ ካየች በኋላ በመጨረሻ እዚያው ላይ ታርፋለች። ማረፍ ማለት እዚያ ምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ዲሞርፎስ ላይ ከአንድ ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ድንጋይ መሬት የሚነካው ከሦስት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ነው። የማምለጫው ፍጥነት በሰከንድ 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዩቬንታስ በሰከንድ 6 ሴንቲ ሜትር ነክታ በግማሹ ብትነጥር፣ ወደ 9 ሜትር ከፍ ብላ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ተመልሳ ትወድቃለች፤ ምናልባትም እንደገና ትነጥራለች። የዚያች ንጥረት ቁመትና ርዝመት ግን ብክነት አይደለም። አፈሩ ልቅ ከሆነ ንጥረቷ ያንሳል፣ ድንጋይ ከሆነ ይበዛል፤ ዳርት የመታችው ነገር ምን ያህል ጠንካራ እንደነበር ከዚያች 20 ደቂቃ ይነበባል።